ሳይጠሩት የመጣ ወተት

በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ የሚሠሩት ሴቶች አንሶላ ተኳሿን ደመና ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት አጣቢዋ ናት። አጣቢዋ ከስድስት ትልልቅ ማሽኖች ጋር ቀኑን ሙሉ ስትጨቃጨቅ የምትውል፣ ምላሷ የማያርፍ፣ ሆዷ ግን ቂም የማያውቅ ሴት ናት። አንድ ቀን ተኳሿን ብትጠራት፣ ደግማ ብትጠራት መልስ ስታጣ፣ "እዩልኝ እስቲ! ቆማ ሄዳለች እኮ። ይቺ ሰው አይደለችም፣ ደመና ናት!" አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲህ እናት አባቷ ያወጡላትን ስም፣ ከመግቢያ ካርዷ በቀር፣ በዚያ ክፍል የሚያስታውሰው የለም።

ደመናም አልተቀየመችም፤ እውነት ነዋ። የምትሠራበት መተኮሻ ከአልጋ የሚሰፋ ማሽን ነው። እርጥቡ አንሶላ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሁለት የጋሉ ሲሊንደሮች መካከል ያልፋል፣ በወዲያኛው በኩል ሞቆና ተስተካክሎ ይወጣል። በመካከሉ እንፋሎቱ ቡልቅ ይልና እስከ ጣሪያው ይሞላል። እጆቿ ሥራውን ከእሷ የበለጠ ያውቁታል፤ ጫፍ ይይዛሉ፣ ይወጥራሉ፣ ይለቃሉ። እጅ እንዲህ ራሱን ከቻለ ደግሞ ሐሳብን ማን ይይዘዋል? የሷ ሐሳብ ከእንፋሎቱ ጋር ተነሥቶ የት የት እንደሚዞር እሷም አታውቀውም። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። አራት ዓመት የሞላት አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ሁለተኛ ልጅ ሲጠብቁ ቆይተው ነበር፤ አልመጣም።

ወተቱ የመጣው ከእብጠቱ በፊት ነው።

አንድ ቀን ማለዳ፣ ከእንቅልፏ ልትነቃ ስትል ሕልም አየች። በሕልሟ ማለቂያ በሌለው ገመድ ላይ የተሰጡ ነጫጭ አንሶላዎች አሉ። ከአንሶላዎቹ ወዲያ ሕፃን ያለቅሳል። አንዱን ገለጥ አድርጋ ስታልፍ ሌላ አለ፤ እሱን ስትገልጥ ሌላ። ልቅሶው ደግሞ አይቀርብም አይርቅም። ማልቀሱም ማልቀስ አይደለም፤ መጥራት ነው። ስትነቃ የሌሊት ልብሷ በግራ ጡቷ በኩል ረጥቧል። በጣቷ ነካችው። ሁለት ጠብታ ወተት ነበር።

ልጇ ጡት ከጣለች ሁለት ዓመት ተኩል አልፏታል። ደመና ደንግጣ እርጉዝ መሆን አለመሆኗን አስመረመረች፤ አይደለሽም አሏት። የወር አበባዋ ግን ቀኑን እየዘለለ፣ አንዳንዴም ወሩን ጭልጥ አድርጎ እየረሳ ነበር። ሕልሙም ተመላለሰ፤ በሳምንት አንዴ፣ ሁለቴ። በነቃች ቁጥር ያቺ ጠብታ አለች። ለማንም አልተናገረችም። ነገሩ ክፉ ቢመስላት ትናገር ነበር፤ ግን አልመሰላትም። ገና ያልተወለደ ልጅ ከወዲያ ሆኖ እየጠራት፣ ሰውነቷም "አቤት" እያለው መሰላት። ወተት ደግሞ ምን ክፋት አለው? እንዲህ እያለች ምሥጢሩን እንደ ከረሜላ በጉንጯ ይዛ ወራት አለፉ።

ከዕለታት በአንዱ ማክሰኞ፣ እርጥብ ፎጣ የተቆለለበትን ጋሪ እየገፋች ስትታጠፍ የጋሪው እጀታ ግራ ጡቷን ገጨት አደረገው። ምቱ ቀላል ነበር፤ ሕመሙ ግን ዓይኗን አጨለመባት። ግድግዳ ተደግፋ እጇን ከሥራ ልብሷ ሥር ብትሰድ፣ ከጡቷ ጫፍ ጎን ጠጠር ያለ ነገር አገኘች። ትንሽ ሎሚ ያህላል። ጋሪው ያመጣው እብጠት ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ግን በአንድ ደቂቃ የሚያብጥ ነገር እንዲያ አይጠጥርም፤ ያንንም ሆዷ ያውቃል።

እናቷ የሞተችው በጡት ካንሰር ነው። ለዚያውም ደብቃ። ዓመት ሙሉ በሻርፕ ሸፍና፣ "ትንሽ ብርድ ነው" እያለች፣ ልጆቿ ሲደርሱባት ሐኪሞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደመና ያኔ ልጇን ጡት ገና ያላስጣለች ነበረች፤ እናቷን ልታስታምም ሆስፒታል ስትከርም ነው ልጇ በድንገት ጡት የጣለችው። ከቀብሩ ማግሥት ታላቅ እኅቷ፣ አስተማሪዋ፣ እጇን ይዛ፣ "ስሚኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንዳችን ከአንዳችን የምንደብቀው ነገር አይኖርም" አለቻት። እኅትየው የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ ስታጽናናም የቤት ሥራ የምትሰጥ ነው የምትመስለው። ደመናም እሺ ብላ ነበር።

አሁን ግን ደበቀች። እናቷ ያደረገችውን እያደረገች መሆኗን እያወቀች ደበቀች። ነገ እነግራቸዋለሁ ትላለች፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገ አለው። እብጠቱ ከሎሚ ወደ እንቁላል አደገ፤ ቆዳው ቀላ፣ ጋለ፣ እንደተወለወለ ጫማ አብለጨለጨ። ከሰዓት በኋላ ትኩሳት ይነሣባታል። ትኩሳቱም የራሱ ጣዕም ነበረው፤ እግሯ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ይመስላታል፣ የማሽኖቹ ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ የባሕር ድምፅ ይሆንላታል። አንድ ቀን ከመተኮሻው ወዲያ፣ አንሶላው በሚወጣበት በኩል፣ እናቷ ቆማ ጫፉን ስትቀበላት አየች። ሻርፗን እንደለበሰች ነበር። ደመና አልፈራችም። "አይሞቅሽም እንዴ እዚያ?" አለቻት ድምፅ አውጥታ።

"ማንን ነው?" አለች አጣቢዋ ከማሽኑ ቀና ብላ።

"ማንንም።"

"ማንንም ከሆነስ ሰላም በይልኝ።" አጣቢዋ ቀልዳ ሥራዋን ቀጠለች፤ ዓይኗ ግን ተኳሿ ላይ ቆየ።

ምሥጢሩን ያወጣችው ትንሿ ልጅ ናት። እሑድ ምሳ ሊበሉ እኅቷ ቤት ሄደው፣ አስተማሪዋ በሩ ላይ ደመናን ልታቅፍ እጇን ስትዘረጋ ልጅቱ በመካከላቸው ገባች።

"አክስቴ፣ በዚህ በኩል አይታቀፍም። እማዬ በዚህ በኩል ትጮኻለች።"

አስተማሪዋ ልጅቱን አየች፤ ቀጥላ እኅቷን አየች። ክንዷን ይዛ ወደ መኝታ ቤት አስገባቻትና በሩን ዘጋች።

"ግለጪ።"

"እትዬ፣ ምንም እኮ..."

"ግለጪ አልኩሽ!"

ደመና ገለጠች። አስተማሪዋ አየችው። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። የገዛ ጣቶቿን ተራ በተራ ታሻሽ ጀመር።

"ስንት ጊዜ ሆነው?"

"ሦስት ሳምንት።"

"ሦስት ሳምንት። ሃያ አንድ ቀን።" ድምፅዋ ተሰበረ። "በየቀኑ ስልክ ደውዬ 'ደህና ነሽ?' ስልሽ ደህና ነኝ ትይኛለሽ። አንቺ ልጅ፣ እኔ ስንት ጊዜ ነው የምቀብረው?"

ደመና ወለሉ ላይ ተቀምጣ ራሷን እኅቷ ጉልበት ላይ አሳረፈች። ከሳሎን የልጅቱና የአባቷ ሳቅ ይሰማል። ለባሏ የነገረችው ወደ ቤት ሲመለሱ ነው። እሱ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። የመንገዱን ጥግ ይዞ ቆመና፣ "እኔ በየፌርማታው ለማላውቀው ሰው ሁሉ በር እከፍታለሁ፤ አንቺ ለእኔ ትዘጊያለሽ" አላት። ቀኝ እጇን ያዘና ልጅቱን በሌላው ክንዱ ታቅፎ ወደ ቤታቸው ወሰዳቸው።

ሐኪሟ መነጽሯን ሁልጊዜ ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልገው፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ እጇ ሙቅ የሆነ ሴት ነበረች። የደመናን ጡት ዳሰሰች፣ ብብቷን ፈተሸች፣ ወደ አልትራሳውንድ ላከቻት። እዚያ ክፍሉ ከፊል ጨለማ ነው። ቀዝቃዛ ቅባት ጡቷ ላይ ሲፈስ ትኩሳቷ ደስ አለው። በስክሪኑ ላይ ግራጫና ጥቁር ነገር ይንሳፈፋል፤ እንደ ውኃ ሥር፣ እንደ ጉም። "ይሄ ጥቁሩ መግል ነው" አለች መሣሪያውን የያዘችው ባለሙያ። ደመና ግን በዚያ ጉም ውስጥ ሕፃን እየፈለገች እንደነበር ያወቀችው ብርሃኑ ሲበራ ነው።

መግሉን በመርፌ ቀዱላት። ሐኪሟ አንቲባዮቲክ አዘዘች። "ጡት ላይ ያበጠ ሁሉ አንድ አይደለም" አለቻት። "በዚህ መድኃኒት ከሸሸ እሰየው። ካልሸሸ ከሥጋው ናሙና እንወስዳለን። እናትሽን የገደለው ነገር ስለሆነ የምትፈሪው፣ አንቺን ግምት ላይ አላስቀምጥሽም።"

በአሥር ቀን አልሸሸም። ትኩሳቱ ጋብ ቢልም እብጠቱ ግትር አለ። ናሙናው ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ጠብቂ ተባለች።

እነዚያን ዘጠኝ ቀናት ደመና በኋላ ስታስባቸው ቀናት አይመስሏትም፤ አንድ ረጅም፣ ብርሃኑ የማይለዋወጥ ከሰዓት በኋላ ይመስሏታል። አጣቢዋ ጉዳዩን ከሰማች ወዲህ ጋሪ እንድትነካ አልፈቀደችላትም። "አንቺ ተኩሺ፣ እኔ ልግፋ። ባልሽ አውቶቡስ ይነዳል፣ እኔ ጋሪ እነዳለሁ፤ ልዩነቱ እኔን ተሳፋሪ አይሰድበኝም" ትላለች። ከምሳ በኋላ ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ አይታ እንዳላየች ትሆንላትና፣ ደመና ፎጣ ማስቀመጫው ክፍል ትገባለች። ከማድረቂያው የወጡ ፎጣዎች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። እዚያ ጥግ ላይ ባለው ክምር ላይ በቀኝ ጎኗ ትጋደማለች። ፎጣዎቹ ይሞቃሉ። የማሽኖቹ ንዝረት በወለሉ በኩል ይመጣና ጀርባዋን ያሻሻታል። በዚያ ሙቀት ውስጥ ያለፈውና የሚመጣው ይቀላቀልባታል። ልጇ አድጋ አሮጊት ሆና ታያታለች፤ እናቷን ደግሞ ሕፃን ሆና። ሕፃኑም ከአንሶላዎቹ ወዲያ ይጠራታል። አንድ ቀን እንዲያውም ሳትተኛ፣ ዓይኗን እንደከፈተች ጠራት። "መጣሁ" አለችው። ነፍሷ ያን ያህል ቀልላ ነበር። መሞት እንዲህ ከሆነ የሚያስፈራ አይደለም ብላ አሰበች። ወዲያው ግን ልጇን የሚያስተኛት ማን ነው ብላ ተነሥታ ወደ መተኮሻዋ ተመለሰች።

በዘጠነኛው ቀን ከእኅቷ ጋር ሐኪሟ ፊት ተቀመጡ። አስተማሪዋ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ነበር። ሐኪሟ ወረቀቱን ሳትከፍት ነው የተናገረችው።

"ካንሰር አይደለም።"

አስተማሪዋ እስክሪብቶውን ጣለች። ደመና ቃሉን ሰማችው፤ ግን ወደ ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ወሰደ። መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ሳይሆን ረሃብ ነው። ድንገት ዳቦ አማራት።

"ብግነት ነው" አለች ሐኪሟ። "የጡት ብግነት፤ ሥጋው ተቆጥቶ ያብጣል። ከሚያጠቡ ሴቶች ውጭ እምብዛም አይታይም፣ ስለዚህ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ክፉውን ነው የሚጠረጥረው። መልኩም ይመሳሰላል፤ ይጠጥራል፣ ይቀላል፣ ቆዳውን ወደ ውስጥ ይስባል። ቲቢ እንዳይሆንም ፈትሸናል፣ አይደለም።"

"ታዲያ ምን አመጣው?" አለች አስተማሪዋ። እስክሪብቶዋን አንሥታ ለመጻፍ ተዘጋጅታ ነበር።

ሐኪሟ ፈገግ አለች። "እዚህ ላይ ነው ደብተሩ ባዶ የሚቀረው። በብዙዎቹ አይታወቅም። አንዳንዱ ጀርም ነው። ሲጋራ የሚያጨሱ ሴቶች ላይ የወተት ቱቦው ተቆጥቶ የሚመጣም አለ። ከወለዱ ጥቂት ዓመታት ባለፏቸው ሴቶች ላይ ይበዛል። ምት ያስጀመረው ይመስለናል አንዳንዴ። ወተት ከቱቦው ወጥቶ ወደ ሥጋው ሲሰርግ ደግሞ፣ ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮት ይዘምትበታል፤ እንዲህ የሚሉም አሉ።" ወደ ደመና ዞረች። "ታጨሻለሽ?"

"ኧረ በፍጹም።"

"ከጡትሽ የሚወጣ ነገርስ አለ? ውኃም፣ ደምም፣ ወተትም ይሁን።"

ደመና እኅቷን አየቻት፤ ባዶውን ግድግዳ አየች። የያዘችው ነገር ምሥጢር ብቻ አልነበረም፤ ካወጣችው የሚጠፋ ነገር መሰላት።

"ወተት" አለች በመጨረሻ። "ጠዋት ጠዋት። ሕልም ሳይ ነው የሚመጣው። ሕፃን ሲጠራኝ።"

አስተማሪዋ አፏን ልትከፍት ስትል ሐኪሟ በእጇ ገታቻት። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ዓመት ሊሆነው ነው።"

"የወር አበባሽስ?"

"ይመጣል፣ ይቀራል።"

"የምትወስጂው መድኃኒት አለ? የራስ ምታትም ቢሆን፣ የጨጓራም ቢሆን።"

"የጨጓራ ብቻ ነው። የማቅለሽለሽ።" ደመና ቦርሳዋን ከፍታ ግማሹ ያለቀ የክኒን ቅጠል አወጣች። ከእናቷ ቀብር በኋላ ምግብ አልረጋላት ብሎ ስትቸገር የጀመረችው ነው። መጀመሪያ ሰሞን ብቻ ነበር የወሰደችው፤ ዓመት ከምናምን ወዲህ ግን በየቀኑ ሆኗል።

ሐኪሟ ስሙን አነበበች። "ይሄን ያዘዘልሽ ማን ነው?"

ደመና ወደ እኅቷ ዞረች። መልሱ ከጎኗ መጣ።

"እኔ ነኝ" አለች አስተማሪዋ። ፊቷ ላይ አንዲት ጠብታ ደም አልቀረም ነበር። "ለእኔ የታዘዘልኝ ነው። አሻለኝና አካፈልኳት። ሲያልቅባትም ግዢ አልኳት።"

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ይህ መድኃኒት ለጨጓራ ደህና ቢሆንም በአንዳንድ ሴቶች ላይ የወተቱን ሆርሞን ከፍ እንደሚያደርግ፣ ሆርሞኑ ከፍ ካለ ደግሞ ያላረገዘችም ሴት ወተት ሊመጣባት፣ የወር አበባዋ ሊዛባ፣ መፀነስም ሊያስቸግራት እንደሚችል ነገረቻቸው። "ደም እንመርምር። ሆርሞኑ ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ይሄን ብግነት ያመጣው እሱ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት" አለች ቃሉን ጠበቅ አድርጋ። "መሐላ አልገባም። ተመሳሳይ ክኒን ውጠው ምንም የማይሆኑ ብዙ ናቸው።"

ከፍ ብሎ ተገኘ። ክኒኑ ቆመ። ብግነቱን የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት ተሰጣት፤ ሁለቱም እኅትማማቾች በእናታቸው የተነሣ በየዓመቱ እንዲመረመሩ ሐኪሟ አስጠነቀቀች።

አስተማሪዋ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ጠፋች። ስልክ አታነሣም። በደመና ባል እጅ ብርቱካን ትልካለች፣ ለልጅቱ የሥዕል ደብተር ትልካለች፤ ራሷ አትመጣም። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ደመና ከሥራ አስፈቅዳ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደች። የዕረፍት ሰዓት ነበር። ግቢው በልጆች ጩኸት ይናጣል፤ እኅቷ ባዶው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቆማ ሰሌዳውን ታጠፋለች። ሰሌዳው ከጠፋ ቆይቷል፤ እሷ ግን ታጠፋለች።

"እትዬ።"

አስተማሪዋ አልዞረችም። "እናታችንን ዝምታዋ ገደላት። አንቺን ደግሞ የእኔ ደግነት ሊገድልሽ ነበር። ከሐኪም በላይ አውቃለሁ ብዬ።"

"ማን ሞተና ነው?"

"አትቀልጂብኝ።"

"አልቀለድኩም። እህል ከአፌ ሲወጣ ከጎኔ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ያን ጊዜ ያ ክኒን ባይኖር ቆሜ አልሄድም ነበር።" ደመና ፊት ለፊት ባለው የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ጠረጴዛው ሥር አልገባ ስላላት ወደ ጎን ታጠፈች። "ደግሞ ሐኪሟ ሊሆን ይችላል ነው ያለችው። ጋሪውም ገጭቶኛል። ልጄንም በድንገት ነው ያስጣልኳት። ወተቱን ዓመት ሙሉ የደበቅኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ ተሰልፈን እንከሰስ ካልሽ፣ ጋሪውን ጨምሮ እንጠራለን።"

የአስተማሪዋ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ደመና እያለቀሰች መስሏት ልትነሣ ስትል እኅቷ ዞረች፤ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር፣ ጉንጯ ላይ ጠመኔ ተቀብቶ።

"ለምን አልነገርሽኝም ወተቱን?"

"ስነግርሽ እንዳይቀርብኝ።"

አስተማሪዋ ይህን ስትሰማ ሳቋን አቆመች። መጥታ ትንሿ ወንበር ላይ ከጎኗ ተጨናንቃ ተቀመጠች፣ በቀኝ በኩሏም አቀፈቻት። ደወሉ ሲደወል ልጆቹ ገብተው፣ አስተማሪያቸውን እንደ ተማሪ ተቀምጣ ሲያገኟት ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መዳኑ ቶሎ አልመጣም። ሆርሞኑ በጥቂት ሳምንታት ወረደ፤ እብጠቱ ግን በራሱ መንገድ ነው የሄደው። አንዴ ይሸሻል፣ አንዴ ይቆጣል። በአንድ በኩል ተከፍቶ ወራት ሙሉ ሲያዥ ከረመ። ቁስሉን ማሰርና መቀየር የባሏ ሥራ ሆነ። እጁን ይታጠባል፣ ፋሻውን በሥርዓት ይዘረጋል፣ ጠባብ መንገድ ላይ እንደሚነዳ ሰው ትንፋሹን ይይዛል። መድኃኒቱ ፊቷን ሲያሳብጠው፣ "ጨረቃ ሆንሽ" አላት። "ደመናም፣ ጨረቃም፤ ከእንግዲህ ዝናብ ብቻ ነው የሚቀርሽ።" ዝናቡም አልቀረም፤ መድኃኒቱ ያስለቅሳታል፤ ያለምክንያት፣ ሳህን ስታጥብ፣ ልጇ ጫማዋን ስታጠልቅ።

ያለቀሰችበት ምክንያት ግን አንዱ ይታወቃት ነበር። ወተቱ ደርቋል፤ ከወተቱ ጋር ሕልሙም ሄዷል። ለብዙ ቀናት ማለዳ ስትነቃ ጆሮዋን አቁማ ታደምጣለች። የሚጠራ የለም። ልብሷ ደረቅ ነው። የዳነች ሴት መሆኗን ታውቃለች፤ ደግሞም አንድ ሰው የሞተባት ይመስላታል። ይህን የነገረችው ለአጣቢዋ ነው፤ ፎጣ ሲያጥፉ። አጣቢዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደችም። ፎጣዋን አጥፋ ደረደረች፣ ሌላ አነሣችና፣ "እኔም አንድ አለኝ" አለች። "ስድስት ወር በሆዴ ይዤው የቀረ። እስካሁን ማሽኑ ሲጮኽ አንዳንዴ እሱ ይመስለኛል።" ፎጣው እስኪያልቅ ድረስ ጎን ለጎን ቆመው አጠፉ።

በስምንተኛው ወር ቁስሉ ተከደነ። ከጡቷ ጫፍ ጎን የአውራ ጣት አሻራ የምታህል ጎድጎድ ያለች ቦታ ቀረች። የወር አበባዋ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

ለመጨረሻ ክትትል ሆስፒታል በሄደችበት ቀን ተራ መጠበቂያው ውስጥ አንዲት ወጣት ከፊት ለፊቷ ተቀምጣ ነበር። ቀኝ ክንዷን ከጎኗ አጣብቃ፣ ሰው እንዳይነካት ወንበሯን ወደ ግድግዳው አስጠግታለች። ደመና ያንን አቀማመጥ አወቀችው። ሐኪሟን አይታ ስትወጣ ወጣቷ አሁንም እዚያው ነበረች። አልፋት ልትሄድ አስባ፣ ተመልሳ ከጎኗ ተቀመጠች።

"ያቃጥልሻል?" አለቻት ዝቅ ብላ።

ወጣቷ ደነገጠች። ቀጥላ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንደምትሠራ፣ ብቻዋን እንደመጣች፣ ናሙናዋ ደርሶ "ብግነት" እንዳሏት ነገረቻት። ደመናም የራሷን ነገረቻት፤ ሁሉንም አይደለም፣ የሚረዳውን ያህል።

"እና ምን አመጣብሽ?" አለች ወጣቷ።

"የጨጓራ ክኒን ሳይሆን አይቀርም ብለውኛል። ትወስጃለሽ እንዴ?"

"ምንም አልወስድም። አልወለድኩም። አላጨስም። የመታኝም ነገር የለም።" ወጣቷ በጣቶቿ እየቆጠረች ነበር፤ ጣቷ ሲያልቅ እጇን ፈትታ ጭኗ ላይ አሳረፈችው። "ምን አድርጌ ነው ታዲያ?"

ደመና ወደ እሷ ጠጋ አለች። "ምንም" አለቻት። "ምንም ያደረግሽው የለም። እኔም እንኳ የተነገረኝ ምናልባት ነው። በምናልባት ዳንኩ፤ ይቻላል።"

የወጣቷ ተራ ተጠራ። ተነሣች፣ ቦርሳዋን የት እንደምታደርገው ግራ ገባት፤ ደመና እጇን ዘርግታ ተቀበለቻት።

"ትጠብቂኛለሽ?"

"ግቢ፣ አለሁ።"

በሩ ተዘጋ። በመስኮቱ የገባው የከሰዓት ፀሐይ ወለሉ ላይ ሰፊ ሆኖ ተዘርግቷል። ደመና ቦርሳውን ጭኗ ላይ አቅፋ ራሷን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ከየት እንደመጣ ሳታውቀው እንቅልፍ ወሰዳት፤ ሕልም የሌለበት፣ ጥልቅ እንቅልፍ። የነቃችው አንድ እጅ ትከሻዋን ነካ ሲያደርጋት ነው። ወጣቷ ዓይኗ ቀልቶ፣ ፊቷ ግን ቀለል ብሎ ቆማለች።

"አልሄድሽም?"

"ወዴት እሄዳለሁ" አለች ደመና ዓይኗን እያሸች፣ "ቦርሳሽ እኔ ጋ አይደል እንዴ?"